ሂርማታ መርካቶ ያለው የሜዳይ ሳጥን ሠሪ፦ እንጨቱን አምነው፣ አደራደሩን ራስዎ ይዘው ይሂዱ

ጅማ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ያለው ይህ የእንጨት ሥራ ቤት ለጡረተኛ ወታደሮችና ልጆቻቸው በአሜሪካ ጦር ለሚያገለግሉ ቤተሰቦች የሜዳይ ሳጥን፣ ማለትም ሜዳይ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበትን ሳጥን ይሠራል። የዋንዛ ሥራው የጅማን ስም አያሰድብም። ማዕዘኑ ያለ ምስማር ተቆላልፎ የተገጠመ ነው፤ መስታወቱም ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ችግሩ አደራደሩ ላይ ነው፤ በፌስታል ያመጡላቸውን ሁሉ ይለጥፋሉ።

አንድ ሽልማት የተደገመለት ሰው ሁለት ተመሳሳይ ሜዳይ ጎን ለጎን አያደርግም። በአሜሪካ ምድር ጦርና አየር ኃይል አብዛኛው ኒሻን ሲደገም ጥብጣቡ ላይ የነሐስ የኦክ ቅጠል ይጨመራል። የመጀመሪያው ሽልማት ቅጠል ስለሌለው ሁለት ቅጠል ያለበት ጥብጣብ ሦስት ጊዜ የተሸለመ ሰው ነው። ስድስተኛው ሲመጣ አምስት ነሐስ አይደረደርም፣ አንድ የብር ቅጠል ይተካዋል። ባሕር ኃይልና ማሪን በቅጠል ፋንታ 8 ሚሊ ሜትር የምታህል ወርቃማ ኮከብ ያደርጋሉ። የምድር ጦር የመልካም ጠባይ ሜዳይ ደግሞ ከሁሉም ተለይቶ ድጋሚውን የሚያሳይ፣ ጥብጣቡ ላይ የሚደረግ ቋጠሮ ያለበት የራሱ ትንሽ ዘንግ አለው።

የቅጠሉ ግንድ ወደ ባለቤቱ ቀኝ ማየት አለበት። ሳጥኑ ፊት ለቆመ ሰው ይህ ግራ ነው፤ እዚህ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይወጣል።

ደንቡ ሲነገራቸው ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ይሄዳሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ሜዳይ ነሐሱ ለአብዬም ለዳርፉርም አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ «ድጋሚ ነው» ብለው አንዱን ያስቀሩታል። ተልእኮውን የሚለየው የጥብጣቡ ቀለም ነው። ቀለሙ ከተለያየ ሁለቱም ይግቡ። እዚያው ተልእኮ ተመልሶ ላገለገለ ሰው ግን ሜዳዩ አንድ ሆኖ ጥብጣቡ ላይ ቁጥር ይቀመጣል።

ከመሄድዎ በፊት የሽልማት ወረቀቶቹን አውጥተው ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ይቁጠሩ፣ አደራደሩን በወረቀት ስለው ያስፈርሟቸው። ቅጠሉና ኮከቡ ከኋላ ባለው እሾህ ጥብጣቡን በስቶ ይታጠፍ፤ ማስቲሽ ጨርቁን ያቆሽሻል፣ ሲደርቅም ይለቃል። ነሐሱን በሳሙናም በማጽጃም እንዳይወለውሉት አደራ ይበሉ፣ በተለይ የኮሪያ ዘማቾችን በአማርኛ የተጻፈበትን ሜዳይ። ቫርኒሹ ሽታው እስኪጠፋ ሜዳዩ አይግባ፣ ታፍኖ ብረቱን ያጠቁረዋል። የጅማ ክረምት ከፋዩን ስለሚያሻግት ከጀርባው አየር መግቢያ ይተዉለት፤ ቤቱ ይህን ካልጠየቁት አይሠራውም፣ ሲጠየቅ ግን በደስታ ይሠራል። ሲሰቀልም ከውጭ ግድግዳ ይልቅ የውስጡ ይመረጥ፣ የመስኮት ፀሐይም አይምታው።