ሲ 414 ኤክስ ኤል ቱ ማይክ በወሎ ስቱዲዮ፦ ከማሲንቆ እስከ መንዙማ

ኤኬጂ ሲ 414 ኤክስ ኤል ቱ ከ1,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ የስቱዲዮ ኮንደንሰር ማይክ ነው፤ ኮንደንሰር ማለት ኃይል እየተሰጠው ረቂቅ ድምፅ ሁሉ የሚይዝ ዓይነት ነው። ገንዘቡ በዋናነት የሚከፈለው ድምፅ የሚቀበልበትን አቅጣጫ በአዝራር መቀያየር ስለሚቻል ነው። ስለዚህ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ላይ ስቱዲዮ ከፍቶ ሁልጊዜ አንድ ዘፋኝ ፊት ለፊት እያቆመ ብቻ ለሚቀርጽ ባለሙያ አንመክረውም፤ ለዚያ ሥራ በጣም ባነሰ ዋጋ ደህና ማይክ ይገኛል። ዛሬ ማሲንቆ፣ ነገ ክራርና ዋሽንት፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ መንዙማ ለሚገባበት የወሎ ስቱዲዮ ግን ዋጋውን ይመልሳል።

እነዚህ የመቀበያ አቅጣጫዎች ፓተርን ይባላሉ፤ ዋናዎቹ አምስት ናቸው፦ ዙሪያውን እኩል የሚሰማው ኦምኒ፣ ከፊት በደንብ ሰምቶ ከኋላ የሚደነቁረው ካርዲዮይድ፣ ከእሱ ሰፋ ያለው ሰፊ ካርዲዮይድ፣ ከእሱ ጠበብ ያለው ሃይፐርካርዲዮይድ፣ እንዲሁም ከፊትና ከኋላ እኩል ሰምቶ ከጎን የሚደነቁረው ፊገር ኤይት። በመካከላቸው አራት ተጨማሪ ደረጃዎች ስላሉ በድምሩ 9 ይሆናሉ። መካከለኛው ሲመረጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መብራቶች አብረው ይበራሉ። የፓተርኑ አዝራር ከፊት ሲሆን የባስ መቁረጫውና የድምፅ መቀነሻው ከኋላ ናቸው። ዘፋኙ መቆም ያለበት የፓተርን መብራቶቹ ካሉበት ገጽ ፊት ነው። ወደ ማይኩ አናት ከተዘፈነ ድምፁ ደብዝዞ ይገባና ጥፋቱ ሁሉ ማይኩ ላይ ይላከካል።

ወንድሙ ኤክስ ኤል ኤስ በአካልም በአዝራርም ያው ነው፤ ልዩነቱ ኤክስ ኤል ቱ ከ3,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ትንሽ ከፍ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ይህ ለድምፃዊ ያምራል፣ ቃሉ ከሙዚቃው ላይ ጎልቶ ይወጣል። በአማርኛ ግን ሰ፣ ሸ፣ ጸ እና ጨ የሚበዙበት ግጥም ሲመጣ ጆሮ ይወጋል። መፍትሔው ኢኩላይዘር (ቀጭንና ወፍራም ድምፅን የሚያስተካክለውን) ከመንካት በፊት ማይኩን ከአፍ መስመር በትንሹ ወደ ጎን ማዞርና ርቀቱን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ማድረግ ነው። ከዚያ ከቀረበ ደግሞ በካርዲዮይድ ባሱ ያብጣል፤ ይህ እብጠት በፊገር ኤይት ይብሳል፣ በኦምኒ የለም ማለት ይቻላል።

ለማሲንቆ ኤክስ ኤል ኤስን እንመርጣለን። ክሩም የደጋኑም ፀጉር የፈረስ ጭራ ስለሆነ ፍትጊያው ራሱ ብዙ ከፍተኛ ድምፅ አለው፤ ኤክስ ኤል ቱ ይህን ያጎላዋል። ያለው ማይክ ኤክስ ኤል ቱ ብቻ ከሆነ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጎ ወደ ቆዳው ማነጣጠር ነው። ወደ ደጋኑ ከዞረ የሚቀረጸው ዜማው ሳይሆን ፉጨቱ ነው። የባስ መቁረጫው 80 ኸርዝ ላይ ቢሆን ከማሲንቆው የሚጎድል ነገር የለም፤ ወለል ላይ የሚመጣ የእግር ምት ግን ይቀንሳል። መቁረጫው 40፣ 80 እና 160 ኸርዝ አለው። የመጨረሻው ባሱን ቀስ እያለ ስለሚቀንስ ተቀራርቦ የተቀረጸ ድምፅ ያበጠውን ባስ ለማስተካከል ይሆናል እንጂ ለማሲንቆ አይመከርም።

የዚህ ማይክ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው አዝማሪ እየተጫወተ ሲዘፍን ነው። በካርዲዮይድ ሲቀረጽ ማሲንቆው ድምፁ ውስጥ በብዛት ይገባና በሚክስ ጊዜ፣ ማለትም ድምፆቹ ሲቀላቀሉ፣ አንዱን ብቻ ማረም አይቻልም። በፊገር ኤይት ግን የማይሰማውን ጎን መሣሪያው ላይ ማሳረፍ ይቻላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አዝማሪው ይቀመጥ፤ ማይኩ ከአፉ ፊት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቁም፤ ፊቱ ቀና ብሎ ወደ ግንባሩ ይመልከት። በዚህ ጊዜ የማይኩ ደንቆሮ መስመር ቁልቁል ወደ ጭኑ፣ ወደ ማሲንቆው ገበታ ይወርዳል። በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ማዘንበሉን በጥቂቱ መለዋወጥ ነው፤ ማሲንቆው ድንገት የሚሸሽበት ነጥብ አለ፣ እዚያ ላይ ማጥበቅ። ሁለተኛ ማይክ ካለ እሱም በፊገር ኤይት ሆኖ ፊቱን ወደ ቆዳው፣ ደንቆሮ ጎኑን ወደ አፍ ይሰጣል። ከኋላ ያለው ግድግዳ ባዶ ከሆነ ግን ፊገር ኤይት ከኋላም ስለሚሰማ የክፍሉ ጩኸት ይገባል፤ ከማይኩ ጀርባ ፍራሽ ማቆም ግዴታ ነው።

ክራር በካርዲዮይድ ከ30 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ድምፅ ሳጥኑ ዳር። ዋሽንት ላይ ትንፋሹ ማይኩን በቀጥታ እንዳይመታ ከአፉ በላይ ሰቅሎ ወደ ጣቶቹ ማዘንበል ነው። ከዚህ በላይ አያስቸግሩም።

መንዙማ ሌላ ነገር ነው። አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዮቹ ይቀበላሉ፣ ጭብጨባና ድቤ አለ። ለእያንዳንዱ ሰው ማይክ ሰጥቶ ለየብቻ መቅረጽ የመቀባበሉን ሕይወት ይገድለዋል። ኦምኒን መሃል ላይ አቁሞ ሰዎቹን በክብ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ሚዛኑ የሚሠራው በጌይን (የማይኩን ድምፅ በሚያጎላው ቁልፍ) ሳይሆን በርቀት ነው። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ቀጥታ የሚመጣው ድምፅ በ6 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል። አውራጁን 60 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ተቀባዮቹን 1.2 ሜትር፣ ድቤውን 2.5 ሜትር ላይ አስቀምጦ መጀመርና ከዚያ እየሰሙ ሰዎቹን ማስጠጋት ወይም ማራቅ ነው። ክፍሉ ካስተጋባ ከኦምኒ ወደ ሰፊ ካርዲዮይድ ወርዶ ሰዎቹን በግማሽ ክብ ማድረግ ያድናል።

ስለ ክፍል ማውራታችን አይቀርም። የማይኩ የራሱ ሹክሹክታ 6 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ይህ እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ የሚሰማው ሁሉ የክፍሉ ነው ማለት ነው። የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ክረምት ላይ ዝናብ ሲጀምር ምንም ፓተርን አያስጥልም፤ ቀረጻውን ማቆም ነው። ማስተጋባቱን ግን በአገራችን ዕቃ መቀነስ ይቻላል። ብዙ ሰው ስፖንጅ የሚለጥፈው ከማይኩ ጀርባ ነው። በካርዲዮይድ ግን ማይኩ ከኋላው እምብዛም አይሰማም፤ የሚሰማው ከዘፋኙ ጀርባ ካለው ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውን ነው። ቡሉኮ ወይም ወፍራም ፍራሽ መሰቀል ያለበት ከዘፋኙ ኋላ ነው፤ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነጥሎ ቢሰቀል ዝቅ ያለውንም ድምፅ ይበልጥ ይውጣል። ይህን ማድረግ የማይቻልበት ክፍል ውስጥ ኮንደንሰር ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የክፍሉን ድምፅ እንደ ኮንደንሰር የማይለቅመው ጥሩ ዳይናሚክ ማይክ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ማይኩ በ48 ቮልት ፋንተም ፓወር፣ ማለትም ሚክሰሩ ወይም ሳውንድ ካርዱ በማይኩ ኬብል በኩል በሚልከው ኃይል፣ ይሠራል፤ የሚፈቀደው ልዩነት 4 ቮልት ወደላይም ወደታችም ነው። 4.5 ሚሊ አምፔር ገደማ ይጠጣል፣ ከብዙ ማይኮች ይበልጣል። ርካሽ ሚክሰሮችና ከላፕቶፕ ብቻ ኃይል የሚወስዱ ሳውንድ ካርዶች (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኙት) እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ በተለይ ሁለት ማይክ ሲሰካባቸው። ለማወቅ ማይኩ ሳይሰካ ፋንተሙን አብርቶ በመልቲሜትር በኬብሉ ጫፍ 1 እና 2 ቁጥር እግሮች መካከል፣ ከዚያ በ1 እና 3 መካከል መለካት ነው፤ ሁለቱም ከ44 እስከ 52 ቮልት ማሳየት አለባቸው። ማይኩ ከተሰካ በኋላ ቮልቱ ወደ 33 አካባቢ ቢወርድ ችግር የለውም፤ በመስመሩ ላይ ያሉት ሬዚስተሮች የሚወስዱት ነው። መብራት ሲቆራረጥ ማይኩ የመጨረሻውን ቅንብር ያስታውሳል፤ ሆኖም ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው ድንገተኛ ጩኸት ስፒከር ይጎዳል። ሳውንድ ካርዱን በዩፒኤስ (በመጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ማድረግ፣ ከመሰካትና ከመንቀል በፊት ጌይኑን ዝቅ አድርጎ ፋንተሙን ማጥፋት ያስፈልጋል።

የድምፅ መቀነሻው 6፣ 12 እና 18 ዲሲቤል ነው። ብዙዎች የሚያድነው ማይኩን ይመስላቸዋል። ማይኩ ያለ መቀነሻ እስከ 140 ዲሲቤል ይችላል፤ ቀድሞ የሚጨናነቀው ሳውንድ ካርዱ ነው። በ124 ዲሲቤል የከበሮ ምት ማይኩ ወደ 0.7 ቮልት ያወጣል፣ ይህ ለብዙ ርካሽ ካርዶች ከባድ ነው። ከበሮ በቅርብ ሲቀረጽ 12 ላይ ማድረግ በቂ ነው። ማይኩ ራሱ ሲጨናነቅ የበራው መብራት ለአፍታ ቀይ ይሆናል፤ ቀይ ሳያሳይ ድምፁ ከተሰነጠቀ ችግሩ ካርዱ ጋ ነው።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በክረምት ጭጋጉ ቤት ድረስ ይገባል። ማይክ ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ሜምብሬኑ (ድምፁን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ላይ ጤዛ ይይዝና እንደ ጨው በእሳት ላይ ይንጣጣል። ከሣጥኑ ሳያወጡ አንድ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ መሰካት። ሲቀመጥም እርጥበት መጣጭ ከረጢት ያለበት የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይሁን። ለወሎ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ዕጣን። የጭሱ ቅባት ሜምብሬኑ ላይ ተለጥፎ አቧራ ይስባል፣ ከጊዜ በኋላ ከፍተኛው ድምፅ ይደበዝዛል፣ መንጣጣትም ይመጣል። ሀድራ (መንዙማ የሚባልበት ጉባኤ) ሲቀረጽ ማጨሻው ከማይኩ ራቅ ብሎ በር አጠገብ ይሁን፤ ጠረኑ ሲያስፈልግ ቀረጻው በሚያርፍበት ጊዜ ማጨስ ይቻላል። በቡና ጊዜም ማይኩ ስታንድ ላይ አይረሳ። ቆሽሾ ከተገኘ በአልኮል ለመጥረግ መክፈት አይገባም፤ ሜምብሬኑ እጅግ ስስ ነው።

ከካርቶኑ ጋር ሾክ ማውንት (ንዝረት የሚያስቀር ማቆሚያ)፣ ፖፕ ፊልተር (የአፍ ትንፋሽ የሚያግድ ወንፊት) እና የንፋስ መከላከያ ስፖንጅ ስለሚመጡ ለእነዚህ ተጨማሪ ወጪ የለም። ዋጋው ለከበደው ሮድ ኤን ቲ ቱ ኤ ሦስት ፓተርን አለው፤ ኦምኒ፣ ካርዲዮይድና ፊገር ኤይት። ከላይ ያልናቸውን የአዝማሪና የመንዙማ አቀማመጦች ሁለቱንም ይሠራል፤ የሚቀሩት መካከለኞቹ ናቸው። ኑማን ዩ 87 ኤ አይ ከሲ 414 በብዙ የሚወደድ ሆኖ ሳለ ፓተርኑ ሦስት ነው፣ ስለዚህ ለዚህ ዓይነት ሥራ ልዩነቱን መክፈል አያስፈልግም።

ያገለገለ ሲ 414 ሲገዛ ሣጥንና ጽሑፍ አይቶ ማመን አይገባም፤ አስመስለው የሚሠሩ አሉ። ጌይኑን ሳይነኩ አንድ ሰው በ30 ሴንቲ ሜትር እያወራ ማይኩን ይዙር። በካርዲዮይድ ከኋላ ድምፁ በጣም መውረድ አለበት፤ በፊገር ኤይት ከፊትና ከኋላ እኩል ሆኖ ከጎን መጥፋት አለበት፤ በኦምኒ በየትም ቢዞር የጎላ ለውጥ አይኖርም። ፊገር ኤይት ላይ የኋላው ከፊቱ በግልጽ ከደከመ የኋላው ሜምብሬን ተበላሽቷል ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ ጌይኑ ከፍ ተደርጎ ሦስት ደቂቃ ይቀረጽ፤ የመንጣጣት ድምፅ ከተሰማ የዋጋ ቅናሽ ቢቀርብም መተው ነው።