ደሴ ሰኞ ገበያ ላሉት እማማ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ደሴ የምትኖሩ ወይም ለሥራ የምትመላለሱ፣ ቅመም፣ እጣንና የባህል መድኃኒት የምትገዙ ከሆነ ይቺን ጽሁፍ አንብቡልኝ። ሰኞ ገበያ ውስጥ፣ ጤና አዳምና አሪቲ የሚሸጡ ሴቶች ከተደረደሩበት መደዳ ጫፍ ላይ፣ ሰማያዊ ሸራ ዘርግተው የሚቀመጡ እናት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ስሜን ከጻፍሽው ግብር ሰብሳቢው ይመጣብኛል» ብለው ሳቁ። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን እስካሁን አልለየሁም። እማማ እያልኩ ልቀጥል።

ምስጋናዬ ስለ ተኩላ ነው። አዎ፣ ተኩላ። ታገሱኝ።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከአጥር ላይ ዘልሎ እግሩን ተሰበረና ጄሶ ታሰረለት። ኳስ የለ፣ ሰፈር የለ፣ አልጋ ላይ ዋለ። እኔ ከሥራ ስገባ ማታ ማታ ተረት የማውራት ተራ ደረሰኝ። የማውቃቸው የጅብና የጦጣ ተረቶች በሁለት ቀን አለቁ። ከዚያ ከራሴ መፍጠር ጀመርኩ፦ ጭጋግ የማይለቀው አንድ ደጋ፣ እዚያ የሚኖሩ ተኩላዎች፣ አመዶ የሚባል ሽማግሌ ሐኪም ተኩላ። አመዶ ቅጠል ያውቃል። የሚያበራ ድንጋይም አለው። ተረቱ ጥሩ ይዞልኝ ነበር።

ሦስተኛው ማታ ላይ ቡሬ የሚባለው ቡችላ ገደል ገባና እግሩ ተሰበረ። ሆን ብዬ ነው፣ ልጁ ደስ እንዲለው። «ከዚያ አመዶ ቅጠል አደረገለትና ዳነ» አልኩ።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «የምን ቅጠል?»

«የ... ነጭ ሽንኩርት።»

«ነጭ ሽንኩርት ቅጠል ነው? በምን አሰረው? አመዶ ወጌሻ ነው?» ትንሽ ዝም አለና፣ «አክስቴ፣ አንቺ አታውቂውም አይደል?»

አላውቅም። ከተማ አድጌ ከዳማከሴ ሌላ በስሙ የምለየው ቅጠል የለኝም። በማግስቱ «የፈውስ ድንጋይ» የሚሸጥ ቤት ገብቼ ለልጁ አንድ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ በ800 ብር ገዛሁ። ቤቱን አልጠቅስም። ማታ ውሃ ውስጥ ስናስገባው ቀለሙ ለቀቀ። ልጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሰኞ ዕለት እማማ ጋ ደረስኩ። ብልጥ ልሁን ብዬ ተኩላውን ደብቄ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ለተሰበረ አጥንት ምን አለዎት?»

እጃቸው ወደ እስሩ መሄድ ጀምሮ ቆመ። «ማን ነው የተሰበረው?»

«የእህቴ ልጅ።»

«ሐኪም ቤት ሄደ?»

«ሄዷል። ጄሶ ታስሯል።»

«ታዲያ ከኔ ምን ትፈልጊያለሽ? አላህ ያሽረው። አጥንት በጄሶ ታስሮ ከተኛ እኔ የምሸጥልሽ የለም።»

ጥቆማዬ እዚህ ላይ ነው። ፊታቸው ሃያ ዓይነት ቅጠልና ሥር ተዘርግቷል። ገንዘቤን በእጄ ይዣለሁ። አንዱን አንስተው «ይሄ ያጠነክረዋል» ቢሉኝ ከፍዬ እሄድ ነበር። ስንቱ ይላል! እሳቸው ግን አልሸጡልኝም።

አፈርኩና እውነቱን ተናገርኩ። «ለተኩላ ነው እማማ። ለተረት።» ከጎናቸው አብሽ የምትሸጠው ሴት በሳቅ ፈረሰች። እማማ አልሳቁም። ጉዳዩን እንደ ሌላ ደንበኛ ጉዳይ ያዙት።

«ተኩላው በምን ይወቅጣል?»

«እ?»

«እጅ የለውም። ሙቀጫ የለውም። እሳት አያነድም። አፍ ነው ያለው። በአፉ የማይሆን መድኃኒት አትስጪው።»

እኔ ስንት ማታ ሳወራ ይቺ አንዲት ጥያቄ አልመጣችልኝም። የሚፈላው ሁሉ ወጣ። የሚደቀቀውም ወጣ። የቀረው ማኘክ፣ መላስ፣ መንከባለልና ውሃ ውስጥ መተኛት ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ያዝነው።

ዳማከሴ አለፈ። እማማ ሦስት ቅጠል በጠሱ፣ መዳፋቸው ውስጥ አድርገው በአውራ ጣታቸው አሹትና አፍንጫዬ ላይ ያዙት። አረንጓዴው ውሃ በመዳፋቸው መስመር ላይ ወረደ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። «ለምች እንዲህ ነው። ተኩላህ አኝኮ የታመመው አፍንጫ ላይ ይትፋበት፣ በቃ።» (አመዶን «ተኩላህ» ያሉት ለልጁ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኩላው የኔ መሆኑ ቀርቷል።)

ቀበርቾ አስቸገረን። ቀበርቾ የሚታጠነው ሥሩ ነው፣ ጭስ ይፈልጋል፣ ጭስ ደግሞ እሳት ይፈልጋል። «መብረቅ የመታው ዛፍ ሥር ያስቀምጡት» አልኩ። ተስማሙ። ግን አንድ ነገር ጨመሩ፦ ሥሩ ሲነቀል ተክሉ አለቀ፣ ስለዚህ ተኩላዎቹ ቆጥበው ይያዙት። ድሮ ከቅርብ ይመጣላቸው የነበረው አሁን ከሩቅ ነው የሚመጣላቸው። ቀበርቾ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል ተክል መሆኑን ቤት ገብቼ ሳነብ ንግግራቸው ሌላ ክብደት ሰጠኝ።

በኮሶ ተጨቃጨቅን። እኔ ለዘመናዊ ልጅ ኮሶ ምን ይሠራል ብዬ ልተወው ነበር። እማማ ተቆጡ። «ምን ይበላል ተኩላው?»

«ፍልፈል፣ አይጥ።»

«ጥሬውን?»

«ጥሬውን።»

«ታዲያ ጥሬ ፍልፈል የሚበላ ዋና በሽታው ምን ሊሆን ነው? የሆድ ትል ነዋ!» የሚጠጣው የሴቴዋ ዛፍ አበባ እንደሆነ፣ ቀዩን ከእስሩ መዝዘው አሳዩኝ። ልግዛው ስል ግን እንደገና እምቢ። «ኮሶ ያሽራል፣ ሲበዛም ይገድላል። መጠኑን ለማታውቅ አልሰጥም። ለትል ዛሬ ክኒን አለ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ።» በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አልሸጥም ያለኝ ነጋዴ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ነጭ ሽንኩርቱንም እሳቸው ናቸው የጠረጠሩት። «የኛ ውሻ ሽንኩርት ያለበትን አይነካም» አሉኝ። ቤት ገብቼ አጣራሁ። ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት የውሻ ዘርን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ሲበዛ ደም ያሳጣል። ለካ ስንት ማታ በገዛ ሐኪማቸው ተኩላዎቹን ስመርዝ ነበር! በነገራችን ላይ ቤታችሁ ውሻ ካለ የወጥ ትርፍ ስትሰጡ ይቺን አስቡ።

ድንጋዩን ላሳጥረው፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው አለበት። የ800 ብሩን ድንጋይ ሳሳያቸው በሁለት ጣት አንስተው ወደ ፀሐይ ያዙትና «የጠርሙስ ስባሪ» ብለው መለሱልኝ። እሳቸው የሚሸጡት «ድንጋይ» አንድ ነው፣ ድኝ። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ቢጫ፣ እንደ ክብሪት የሚሸት። በቅባት ተለውሶ ለእከክ ይቀባል፣ ሐኪም ቤትም የድኝ ቅባት ለእከክ ያዝዛል። ተኩላ ደግሞ በእከክ የሚሰቃይ እንስሳ ነው። እናም በተረታችን ውስጥ አሁን ዳሩ ቢጫ የሆነ ፍል ውሃ አለ፣ ፀጉራቸው የረገፈ ተኩላዎች ተራ ይዘው የሚተኙበት።

ለሚያበራው ድንጋይ እማማ ወደ አንድ የደላንታ ልጅ ላኩኝ። ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የሚቆርጥና የሚያለሰልስ ነው። እሱንም አመሰግናለሁ። ኦፓሉ ከወገል ጤና ገደሎች ነው የሚመጣው፣ እዚያ በብዛት መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ነው። የቦታው ስም ራሱ ውስጥ ጤና አለ። ለፈውስ ድንጋይ ከዚህ የተሻለ አድራሻ ከየት ይመጣል? የደላንታው ልጅ አንዷን ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣላት። ቀይና አረንጓዴ እሳት ስትረጭ የነበረችው ጠጠር ቀስ በቀስ እንደ መስታወት ጠራች፣ እሳቱ ጠፋ። «ውሃ ትጠጣለች» አለኝ። «ስትደርቅ ብርሃኗ ይመለሳል፣ ግን ቀናት ይፈጃል። ቡና ላይ ከጣልሻት ቡናውንም ትጠጣለች፣ ቀለሟ ይበላሻል። እሳት ዳር አድርቀሽ ካቻኮልሻት ትሰነጠቃለች።» ድንጋዩን የሚያወጡት ገደል ላይ ዋሻ ቆፍረው እንደሆነ፣ አፈሩም እንደሚናድባቸው ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ አለ። ዋጋ አልተከራከርኩትም።

ማታ ይህንን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ያልጠበቅሁትን አለ። «እንግዲያው ክረምት ላይ የአመዶ ድንጋይ አይሠራም ማለት ነው።» እውነቱን ነው። እኔ የረሳሁትን የተረቱን ሕግ እሱ አገኘው። ጠላት መንጋ አሁን የሚመጣው በሐምሌ ነው።

ስለ ተኩላው ማንነት ከእማማ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። ፈረንጆቹ ተኩላ የሚሉት የኛን ቀይ ቀበሮ ነው፣ ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥና አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ያለውን። ዘመዱም ተኩላ ነው። እማማ ግን «ቀበሮ ቀበሮ ነው» ብለው ዘጉት። በዓለም የቀሩት 500 ገደማ እንደሆኑና ከሰፈር ውሻ የሚጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ እንደሚጨርሳቸው ስነግራቸው ግን «ውይ ሚስኪን» አሉ። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎች አሽንዳ የሚባለውን፣ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚያብበውን አበባ ማር ሲልሱ እንደታዩ፣ አንዳንዱም በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ እንደሚጎበኝ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት አለ። ይሄንን ስነግራቸው ሳቁ። «እኛም እረኛ ሆነን እንልሰው ነበር፣ ማን ጻፈልን!»

የቡሬ እግር ግን ቀርቶ ነበር። የሄድኩት ለእሱ ነው፣ መልሱ ግን የመጣው ሦስተኛው ሰኞ ላይ ነው። «ቅጠል አትፈልጊለት» አሉኝ። «ተኝቶ ይዳን። ሌሎቹ ምግብ ያምጡለት።» እንደዚያው አደረግኩ። ቡሬ ዋሻ ውስጥ ተኛ። መንጋው ተራ ገብቶ ፍልፈል አመጣለት። አመዶ ማታ ማታ ከጎኑ ተኝቶ ወሬ ያወራለታል። የእህቴ ልጅ ጄሶውን በጣቱ እየነካ ሰማኝ። ጥያቄ አልጠየቀም። ያኔ ነው ተረቱ ገባለት ያልኩት።

ወደ ጥቆማው ልመለስ። ጦስኝ፣ አሪቲ፣ አደስ፣ ቀበርቾ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እጣንና ከርቤ የምትፈልጉ ከሆነ እሳቸው ጋ ሂዱ። ጦስኛቸው ከደጋ የመጣ ነው፣ አፈር የለበትም፣ ሻይ ላይ ሽታው ቤቱን ይሞላል። የማያውቁትን «አላውቅም» ይላሉ። ሐኪም የሚያስፈልገውን ወደ ሐኪም ይልካሉ። ጉድለታቸውንም ልናገር፦ ወሬ ያበዛሉ፣ ስለዚህ ቸኩላችሁ አትሂዱ። ቴሌብር የላቸውም፣ ዝርዝር ብር ያዙ። ዓርብ ከጁምዓ በፊት አይገኙም። ፌስታል የሚሰጡት እያጉረመረሙ ነው፣ ዘንቢል ብትይዙ ይወዷችኋል።

ለምክራቸው ልከፍላቸው ስል በሦስቱም ሰኞ እጄን መለሱት። የከፈልኩት የጦስኙንና የአሪቲውን ብቻ ነው። ዋጋቸው ተረቱ ነው፣ በሄድኩ ቁጥር «የት ደረሰ?» ይሉኛል። በዚህ ሰኞ ሥራ ይዞኝ አልሄድም። የምትሄዱ ካላችሁ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። የልጁ ጄሶ ወጥቷል፣ ቡሬም መቆም ጀምሯል በሉልኝ።