ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ወፍ የሚያሳይ ባለጀልባ

ልብስ ሰፊ ነኝ። የትም ብሄድ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ሰው የለበሰው ላይ ነው። ዝዋይ ላይ ግን ዓይኔ ወፍ የለበሰው ላይ ቀረ። ስለ ጀልባ አገልግሎቱ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሐይቁ ዳር ያለችው ከተማ ባቱ (የድሮዋ ዝዋይ) ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አርብ ማታ እዚያው አድረን፣ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከልጄ ጋር ሐይቁ ዳር ደረስን። በዚህ ሰዓት ሂዱ። ረፋድ ላይ ንፋሱ ይነሳል፤ የውሃው ነጸብራቅም ዓይን ይወጋል።

ከዚህ በፊት በሌላ ጀልባ ሄጄ ተናድጄ ነበር የተመለስኩት። ሰውዬው ሞተሩን እያስጮኸ ወፎቹ መሃል ገባ፤ ሁሉም ብን ብለው ጠፉ። የአሁኑ ልጅ ሌላ ነው። ደረቅ ግንድ ላይ የተደረደሩ ኮርሞራንት የሚባሉ ዓሣ አዳኝ ወፎች ገና ከሩቅ ሲታዩ ሞተሩን አጠፋና በመቅዘፊያ ቀስ እያለ አስጠጋን። "ጋሼ አይነሱ፣ ቁጭ እንዳሉ ይዩ" አለኝ በሹክሹክታ።

አንዱ ኮርሞራንት ከፊታችን ጠልቆ ወጣ። ግንዱ ላይ ሰፈረና ክንፎቹን ዘረጋ፤ የታጠበ ካፖርት ገመድ ላይ የተሰጣ ይመስላል። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ልጄ "የውሃ ወፍ ሆኖ እንዴት ይረጥባል?" አለችኝ።

ባለጀልባው ከወፎቹ ማረፊያ ስር የለቀመውን ትንሽ የደረት ላባ ከደብተሩ መሃል አወጣ። መዳፌ ላይ አድርጎ ውሃ አንጠባጠበበት። የላባው ዳር ወዲያው ጠጣና ተጣበቀ። መሃሉ ላይ ግን ጠብታው ድብልብል ብሎ ቆመ፤ እጄን ሳዘነብል ተንከባሎ ወረደ።

ገበር ያለው ልብስ በሉት! ላባዎቹ ተደራርበው ሲቀመጡ ላይኛው ይረጥባል፣ ገላው ጋ ያለው ግን ስስ አየር ይዞ ደረቅ ይቀራል። ዳክዬ ላባዋ አየር ስለሚይዝ እንደ ቡሽ ትንሳፈፋለች። ኮርሞራንት ላይኛውን በማርጠብ አየሩን ይቀንሳል፤ ያኔ መጥለቅ ይቀልለዋል። ፀሐይ ላይ ክንፉን የሚዘረጋውም የረጠበውን ለማድረቅ ነው። ስንት ካፖርት ሰፍቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ብልሃት አላየሁም።

ቀጥሎ ዳርተር የምትባለዋን አሳየን። ላባዋ ከኮርሞራንቱም የበለጠ ውሃ ይጠጣል። ስትዋኝ ገላዋ ሰምጦ አንገቷ ብቻ ይታያል፤ እባብ ነው የምትመስለው። ግንድ ላይ ስትወጣ ክንፏ ላይ ብርማ ጭረቶች አሉ፤ በቀጭን ክር የተጠለፈ ነው የሚመስለው።

ትንሿን ግሪብ የምትባል ጠላቂ ወፍም ሸምበቆው ስር አየናት፤ ብቅ ብላ ወዲያው ጠለቀች። የእሷ ዘመድ፣ ባለ ጉትያዋ ትልቋ ግሪብ፣ ላባዋ እንደ ሐር ስለሚለሰልስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ለሴቶች ባርኔጣ ማስጌጫ እየታደነች ልትጠፋ ደርሳ ነበር። በ1889 እ.ኤ.አ. እዚያ የተቋቋመው የወፎች ጥበቃ ማኅበር መነሻውም ይኸው የላባ ንግድ ነው። የሙያ ነገር ሆኖ ይህ ያሳዝነኛል።

ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ። እኛ የተስማማነውን ነው የከፈልነው፤ ስንወርድ ጨምሩ አላለንም። አቅርቦቱ ግን ይጎድላል። ያለው አንድ የሩቅ ማያ መነጽር ብቻ ነው፣ እሱም አንዱ ዓይኑ ጭጋግ ይዟል። የራሳችሁ ካለ ያዙ። ከሁሉም ያላስደሰተኝ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ ነው፤ የልጄ ማሰሪያው ተበጥሶ በሲባጎ ነበር የታሰረው። ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ለባለጀልባውም ነገርኩት። አልተቆጣም። "እውነትዎን ነው ጋሼ" ብሎ የተበጠሱትን ሁለቱን አውጥቶ ሰጠኝ። አሁን ሱቄ ውስጥ ናቸው። ጠንካራ የሻንጣ ማሰሪያ ገዝቼ በድርብ እየሰፋሁላቸው ነው፤ በመጪው ቅዳሜ ይዣቸው እወርዳለሁ።