የካነን 50 ሚሊሜትር ሌንስ እና የልጅ ፊት፦ ከአንድ ዓመት ልምምድ በኋላ የተጻፈ ግምገማ

የዛሬ ዓመት ግድም የአራት ዓመቷን የእህቴን ልጅ ፎቶዎች በኮምፒውተር ከፍቼ ስመለከት፣ አብዛኞቹ ቆሜ ከላይ ወደ ታች ያነሣኋቸው፣ ግንባሯ የገዘፈባቸውና አገጯ የጠበበባቸው ሆነው አገኘኋቸው። ጥፋቱን ከካሜራዬ ጋር በመጣው ሌንስ ላይ አላከክሁና የካነንን ኢኤፍ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ገዛሁ። ሌንሱ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ያነሣኋቸው ፎቶዎች ከቀድሞዎቹ የባሱ ስለነበሩ፣ ስለ ሌንሱ ስጽፍ ስለ ራሴ ስሕተትም መጻፌ አልቀረም።

ሌንሱ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ክብደቱ 160 ግራም ያህል ነው፤ ከካሜራው ጋር የሚገጥምበት ቀለበት፣ ከእሱ በፊት እንደነበረው ሞዴል ፕላስቲክ ሳይሆን ብረት ነው። ዙም የለውም፤ መቅረብ የፈለገ በእግሩ ይቀርባል። እንደ እኔ አነስተኛ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ባለው የካነን ካሜራ ላይ ሲገጠም እይታው በሙሉ (የፊልም ፍሬም ያህል በሆነ) ሴንሰር ላይ ከተገጠመ 80 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ስለሚስተካከል፣ የአንድን ሕፃን ፊትና ትከሻ በፍሬሙ ውስጥ ለማስገባት አንድ ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ የልጅን አፍንጫና ግንባር የሚያገዝፈው የፎቶ አንሺው መጠጋት ስለሆነ፣ ይህ ሌንስ አንሺውን ሳይወድ በግድ ያርቀዋል። በጠባብ ሳሎን ውስጥ ግን ጀርባዬ ከቁም ሣጥን ጋር የተጋጨበት ጊዜ ብዙ ነው።

ችግሬ የጀመረው ኤፍ 1.8 የሚለውን ቁጥር (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እንደ ጌጥ በመቁጠሬ ነው። በእኔ ካሜራ ከአንድ ሜትር ርቀት በኤፍ 1.8 ሲነሣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከ3 ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ በኤፍ 4 ደግሞ ወደ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። ልጅ በተፈጥሮው አንገቱን በትንሹ ሲያዘነብል ብቻ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። ይባስ ብዬ በመሐል ነጥብ ፎከስ ካደረግሁ በኋላ ካሜራውን ወደ ጎን አዞር ስለነበር፣ ጥራቱ ከዓይኗ ወደ ጆሮዋ ይሸሽብኝ ነበር። መፍትሔው የፎከስ ነጥቡን ራሱን ዓይኗ ላይ ማሳረፍ፣ ኤፍ 2.8 ላይ መሥራትና የሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ) ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አለማውረድ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ሁሉ ግን ብቻዬን አልደረስሁበትም። በሰፈራችን ለብዙ ዓመታት ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ በየሳምንቱ አሥር ፎቶ አሳትሜ እወስድላቸዋለሁ። በስልክ ላሳያቸው ስል «በስልክማ ሁሉም ያምራል» ብለው መለሱኝ። ፎቶውን ይይዙና በአውራ ጣታቸው የልጅቷን አፍ ሸፍነው ዓይኗን ብቻ ያዩታል፤ ከዚያ «ልጄ፣ ይቺ ልጅ የምታየው አንተን ነው ወይስ ጫማህን?» ይሉኛል። እውነትም እኔ ቆሜ እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ለአራት ተከታታይ ቅዳሜዎች አንድ መስኮት ሥር፣ አንድ ሌንስ ይዤ፣ ተንበርክኬ ያቺኑ ልጅ እንዳነሣ አዘዙኝ። ሌላው ነገር ባለበት ስለቆየ በሁለተኛው ሳምንት የተበላሸው በሦስተኛው ለምን እንደተስተካከለ በግልጽ ይታይ ነበር። «በጣም ያምራል» የሚሉኝ ዘመዶቼ ያን ያህል አልጠቀሙኝም፤ ቢቀየሙኝም ልጻፈው።

ከሁሉ የበለጠ የተማርሁት ከነጭ ልብስ ነው። ለጥምቀት በሀገር ልብስ ሳነሣት ፊቷ ጠቁሮ ወጣ፤ ካሜራው የብርሃኑን መጠን ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚያመጣው፣ ነጩ በፍሬሙ ውስጥ ሲበዛ ሁሉን ነገር ያጨልማል። እኔ ብርሃኑን ጨምሬ ባነሣ ፊቷ በራ፣ የጥበቡ ጥለት ግን ነጭ ውስጥ ጠፋ። አዛውንቱ ፎቶውን አይተው «ነጠላውን ከራሷ አውርደህ ጭኗ ላይ አድርግላት፤ የብርሃኑንም ልክ ከፊቷ ላይ ለካ» አሉኝ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በር ሥር፣ በጥላ ውስጥ አስቀምጬ እንዳሉኝ ሳደርግ፣ ከነጠላው የተመለሰው ብርሃን ከአገጯና ከዓይኗ ሥር የነበረውን ጥላ አነሣው፤ ጥለቱም አልጠፋም።

የሌንሱን ጉድለቶችም ልጥቀስ። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ሥርዓት የለውም፤ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ቤት አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ማድረግ ግድ ነው። የፎከስ ቀለበቱ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ካሜራው ሲጠፋ አይታዘዝም። የፀሐይ መከላከያው ለብቻው ይሸጣል። መስተዋት አልባ የካነን ካሜራ ያለው ሰው ከዚህ ይልቅ ለአርኤፍ (ለእነዚህ ካሜራዎች የሌንስ መግጠሚያ) የተሠራውን 50 ሚሊሜትር ቢያስብበት ይሻላል፤ አስማሚ (ማገናኛ ቀለበት) አያስፈልገውም፣ ዓይንን ፈልጎ የሚይዙ ካሜራዎችም ከላይ ያማረርሁበትን ድካም ያቃልሉለታል።

ዲጂታል ኤስኤልአር (ባለ መስተዋት) ካሜራ ላለውና የልጆቹን ፊት በወጉ ማንሣት ለሚፈልግ ወላጅ ይህን ሌንስ ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ነገር ግን ከገዛው ቀን ጀምሮ ፎቶዎቹን ሳያባብል የሚነቅፍለት አንድ ሰው ይፈልግ። እኔ ለመጪው ቅዳሜ ታዝዣለሁ፦ ያው መስኮት፣ ያው ሌንስ፣ ልጅቷ ግን ስትስቅ ሳይሆን ስትሰለች።