ባሕር ዳር ወይስ ጎንደር? በሁለቱም የተማረ ሰው ግምገማ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በሚሞላበት ሰሞን በባሕር ዳር ቤቶች የሚነሣው ክርክር ተመሳሳይ ነው፤ ልጅ እዚሁ ይቅር ወይስ ጎንደር ይሂድ? ዘንድሮ ተራው የእኛ ቤት ሆነ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በስታቲስቲክስ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛውን በባዮስታቲስቲክስ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያገኘሁ በመሆኔ የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ስትመጣ ቤተሰቡ በዳኝነት አስቀመጠኝ። ዳኛ መሆን ግን አልቻልሁም፤ ሁለቱም አስተምረውኛል፣ በተማርሁትም እንጀራ እበላለሁ። ያደረግሁት የማውቀውን በዝርዝር መንገር ነው፤ ምርጫ ለሚሞሉ ሌሎች ተማሪዎችና ወላጆች ይጠቅም እንደሆነ ያንኑ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ምርጫ ማለት ምደባ አይደለም፤ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የተመደበ ተማሪም የመጀመሪያ ዓመቱን የትም ቢሆን የጋራ ኮርሶችን በመውሰድ ያሳልፋል፤ የትምህርት ክፍል የሚያገኘው ከዚያ በኋላ በውጤቱና በየክፍሉ የቅበላ አቅም ነው። እንግዲህ ቅጹ የሚጠይቀው የዩኒቨርሲቲ ስም ብቻ ሲሆን ተማሪው የሚኖረው ግን በዩኒቨርሲቲው ስም ውስጥ ሳይሆን በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ ምርጫ መሙላት በተለይ ባሕር ዳርን ለሚመርጥ ሰው ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም. በይፋ ሲመረቅ ከባዶ የተነሣ ተቋም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትና እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ተዋሕደው ነው አሁን የምናውቀው ዩኒቨርሲቲ የተገኘው። ከተሜው እስከ ዛሬ «ፔዳ» እና «ፖሊ» እያለ የሚጠራቸው ከእነዚሁ ነባር ስሞች ቆርጦ ነው፤ የባጃጅ ሾፌር «ዩኒቨርሲቲ አድርሰኝ» ቢሉት መልሶ የሚጠይቀው «ፔዳ ነው ፖሊ?» ብሎ ነው። ውሕደቱ በወረቀት ካለቀ ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆነውም የሁለቱ ግቢዎች ጠባይ ግን እስካሁን የየራሱ ነው።

ፔዳ የመምህራን ቤት ሆኖ የተጀመረ ግቢ ነው፤ ይህም ይታወቅበታል። ሳይንሱ፣ ቋንቋው፣ ማኅበራዊ ሳይንሱ በአንድ አጥር ውስጥ ስለሚኖሩ የስታቲስቲክስ ተማሪ የነበርሁት እኔ ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍና ከጂኦግራፊ ተማሪዎች ጋር አንድ ዶርም ተጋርቼ፣ ማታ ማታ ስለማላውቀው ነገር ሁሉ ስከራከር አራት ዓመት አሳልፌያለሁ። ከክፍል ውጭ የተማርሁት ብዙው ነገር የተገኘው ከዚያ ክርክር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፖሊ ከዚህ የተለየ ነው። እዚያ የሚገናኙት የሜካኒካል፣ የኤሌክትሪካል፣ የሲቪልና የመሳሰሉት ምሕንድስና ተማሪዎች ናቸው፤ ወሬውም ቀልዱም ስለ ፕሮጀክት፣ ስለ ወርክሾፕና ስለ ፈተና ነው። መሐንዲስ መሆን በቁርጥ የሚፈልግ ልጅ በዚያ ድባብ ውስጥ ይበረታል፤ ገና ምን እንደሚፈልግ ያልለየ ልጅ ግን እንደሚጠበው ከራሴ ጓደኞች አይቻለሁ። ከዓባይ ማዶ ያለው የዘንዘልማ ግቢ ደግሞ የግብርና ተማሪዎች መኖሪያ ነው፤ ከከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ የከተማ ሕይወት ብሎ ባሕር ዳርን የመረጠ ተማሪ እዚያ ሲደርስ ትንሽ ቅር ሊለው ይችላል። እኔ እንኳ ጓደኛ ልጠይቅ የሄድሁ ዕለት ጸጥታውን ወድጄዋለሁ፤ ያው ልጠይቅ እንጂ ልኖር አልሄድሁም።

በትምህርት ረገድ ባሕር ዳር የሚመሰገንባቸውን ዘርፎች ሳስብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየኝ ከአካባቢው ጋር የተሳሰሩት ናቸው። የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ትምህርቱ፣ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ውስጥ መሰጠቱ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። የመሬት አስተዳደር ትምህርት፣ የአደጋ ሥጋት አመራርና የምግብ ዋስትና ጥናት፣ በዓባይ ተፋሰስ ላይ ያተኮረው የውኃ ምርምርም እንዲሁ በሌላ ቦታ በዚህ መልኩ በቀላሉ አይገኙም። ሕክምናና ጤና ሳይንስም አለው፤ በአዴት መንገድ ያለው የጥበበ ግዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ዘርፍ ከጎንደር ጋር ሲተያይ ገና ወጣት መሆኑን መሸሸግ አይቻልም።

የጎንደር ታሪክ የሚጀምረው ከወባ ነው። በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳር ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ሲጀምርም የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ጎን ለጎን እያሠለጠነ በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ይህ አሠራር «የቡድን ሥልጠና» ተብሎ ዘልቋል፤ ተመራቂ የጤና ተማሪዎች ከየትምህርት ክፍላቸው ተውጣጥተው በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ፤ ሐኪሙ፣ ነርሷና የላቦራቶሪ ባለሙያው ገና ተማሪ ሳሉ አብሮ መሥራትን ይለምዳሉ። ማሠልጠኛው የዩኒቨርሲቲነት ስም ያገኘው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ሲሆን፣ ሕግና ማኅበራዊ ሳይንስን፣ ቴክኖሎጂንና የእንስሳት ሕክምናን የጨመረውም በኋላ ነው። እነዚህ በማራኪ፣ በቴዎድሮስና በፋሲል ግቢዎች ተከፋፍለው ይሰጣሉ፤ ሆኖም የተቋሙ ልብ ዛሬም ሆስፒታሉ ዘንድ ነው።

ልዩነቱን በራሴ ትምህርት ላሳይ። ፔዳ ሳለሁ መምህሮቻችን የሚያስጨንቁን በማረጋገጫ ነበር፤ አንድን ቀመር መጠቀም ብቻውን አያሳልፍም፤ ከየት እንደመጣ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን ከመነሻው ማሳየት ነበረብን፤ ቁጥሮቹ ግን ከመጽሐፍ የመጡ ነበሩ። ጎንደር ስደርስ የተሰጠኝ የመጀመሪያ የቤት ሥራ ስሞች የተሰረዙበት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ክትትል ቅጂ ነበር። ከመስመሮቹ በአንዱ ላይ በሁለተኛው ወር ሕክምናዋን ያቋረጠች ወጣት ተመዝግባለች፤ በአስተያየት ዓምዱ ላይ በእስክሪብቶ «ለአጨዳ ሄደች» የሚል ሦስተኛ ሰው ሊረዳው በማይችል ፈጣን ጽሕፈት ሰፍሯል። በፔዳ ትምህርቴ ይህች ልጅ ክትትሏ የተቋረጠ አንድ መረጃ ነበረች፤ አንድ ቁጥር መድቤላት አልፍ ነበር። መምህሬ ግን «አጨዳው መቼ ያልቃል? ከዚያ በኋላ ተመልሳ መጥታ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝና መዝገብ ቤት ላኩኝ። ያለ ፔዳው ማረጋገጫ ሒሳቡን ባልቻልሁት፣ ያለ ጎንደሩ መዝገብ ቤት ደግሞ ምን እንደምቆጥር ባላወቅሁ ነበር። ስለዚህ የንድፈ ሐሳብ መሠረት የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪውን በባሕር ዳር፣ ተግባሩን በጎንደር ቢያደርገው እላለሁ፤ ይህ ግን በእኔ ትምህርት ነው፤ ለፋርማሲ ወይም ለሕግ ተማሪ ላይሠራ ይችላል።

ወደ አኗኗሩ ስንመጣ ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሙቀቷም ቀላል አይደለም። ሳይክል ያለው ተማሪ ባለጸጋ ነው፤ ከግቢ ተነሥቶ በዘንባባዎቹ ሥር አድርጎ ጣና ዳር ይደርሳል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ መንፈስ ሲጀምር የግቢ ተማሪ ሁሉ ወደ ውጭ ይላል፤ ገንዘብ ያለው ቆሮሶ የሚባለውን የጣና ዓሣ አስጠብሶ ይበላል፤ የሌለው ታንኳ ሲያልፍ እያየ ይጫወታል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ራሱን መግዛት ለማይችል ተማሪ ከተማዋ ፈተና ናት፤ የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤታቸው የተበላሸባቸውን ልጆች «ጣና በላቸው» እያልን እንቀልድ ነበር። የወባ ትንኝም አለች፤ አጎበር ይዞ መግባት የወላጅ ግዴታ ነው።

ጎንደር ከፍ ያለች፣ ብርዷ የሚሰማ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። እዚያ ሳይክል ሳይሆን ጫማ ነው የሚያስፈልገው። የጤና ተማሪው ኑሮ በሆስፒታሉ ሰዓት የሚሄድ በመሆኑ ከተማውም ነጭ ጋውን ለብሶ የሚሮጥ ወጣት ማየት ለምዷል፤ ሻይ ቤት ገብቶ ከተረኛ ኢንተርን ጎን ሳይቀመጡ መውጣት ያስቸግራል። መዝናኛው ከባሕር ዳር ያነሰ ነው ባልልም የተለየ ነው፤ የጎንደር ደስታ በቤት ውስጥ፣ በቡናና በጨዋታ ዙሪያ ነው። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ከተማው ሁሉ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳል፤ ያን ያላየ ተማሪ ጎንደር ተማርሁ ማለቱ አይዋጥልኝም። የከተማው የውኃ እጥረት ግን የታወቀ ነው፤ ጀሪካን መግዛትን ከደብተር ጋር በአንድ ቀን አስቡት።

ሌላው ጉዳይ ርቀቱ ነው። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደኅና ጊዜ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ አይሞላም፤ ያለፉት ዓመታት ግን ወላጅ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የመንገዱን ደኅንነት እንዲጠይቅ አድርገዋል። እህቴ የምትከራከረውም በዚህ ነው፤ እውነት አላት። እኔ ያልሁት ግን ሌላ ነው፤ የባሕር ዳር ልጅ ባሕር ዳር ሲማር ብዙውን ጊዜ ግቢ አይገባም። ዶርም ቢሰጠውም ቅዳሜን እናቱ ቤት ይበላል፣ ልብሱን እዚያ ያሳጥባል፤ የግቢ ልጆች በፈተና ሰሞን አብረው ሲያነቡና ሲካፈሉ እሱ በባጃጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከክፍለ ሀገር መጥተው አብረውኝ የተማሩት ልጆች ዛሬም ይደዋወላሉ፤ እኔ በዶርም ያሳለፍሁት አባቴ «ግቢ ካልገባህ አትማርም» ብሎ ስላስገደደኝ ነው፤ በጊዜው ተቀይሜው ነበር።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችና «ጋሼ፣ ታዲያ ግቢው የሚሞላው የቱ ጋ ነው?» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁት፤ የዩኒቨርሲቲ ስም ብቻ ነው ያለው። እንደሌለ ነገርኋት። ጥቂት አሰበችና የሚያጓጓት ፋርማሲ ስለሆነ ጎንደርን አንደኛ፣ ባሕር ዳርን ሁለተኛ አድርጋ ሞላች። እህቴ ቀና ብላ ሳታየኝ ቡናውን ቀዳች፤ ሁለተኛው ሲኒ ላይ «ብርድ ልብሱ የወፍራሙ ይሁን» አለች።