ለትንሿ ቦብካት ተጨማሪ ሃይድሮሊክ፦ ማዞሪያ ቫልቭ ወይስ ሦስተኛ ቫልቭ?

ጣና ዳር እምቦጭ ለማንሳትም ሆነ ለአጥር ጉድጓድ ለመቆፈር፣ ተጨማሪ የሃይድሮሊክ መስመር (ሌላ መሣሪያ በዘይት ግፊት የሚያሠራ ቱቦ) የሌላት ቦብካት፣ ማለትም ትንሽ የመጫኛ ማሽን፣ ያለው ሰው ሁለት ምርጫ አለው።

ርካሹ፣ ባኬቱን በሚያጋድለው ሲሊንደር መስመር ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማዞሪያ ቫልቭ መግጠም ነው። ቁልፉ ሲጫን ዘይቱ ወደ አዲሱ መሣሪያ ይዞራል፤ ባኬቱ ግን በዚያው ቅጽበት አይጋደልም። ለእምቦጭ መቆንጠጫ ይበቃል፤ ጥፍሩ ከተዘጋ በኋላ የሚፈስ ዘይት አይፈልግም።

ጉድጓድ መቆፈሪያ ሌላ ነው። ሞተሩ ዘይት ሳይቋረጥ ይፈልጋል፤ በማዞሪያ ቫልቭ ማንሻውን (የእጅ መቆጣጠሪያውን) ይዞ መዋል ነው፣ እጅ ይዝላል። ሁለተኛው ምርጫ፣ ክንዱንና ባኬቱን ከሚያዙት ሁለት ቫልቮች በተጨማሪ የሚገጠም ሦስተኛ ቫልቭ ነው፤ ማንሻውን በእጅ ሳይያዝ ባለበት ያቆማል፣ ተመላሹም ዘይት በማጣሪያ አልፎ ወደ ታንክ ይገባል። ወጪው ይበዛል፣ ቱቦውም እንዲሁ። ደግሞ ነባሩ ቫልቭ ግፊቱን ወደ ቀጣዩ የሚያሳልፍ መውጫ ሊኖረው ይገባል። «የታንኩን መመለሻ ቆርጠን እንቀጥለው» የሚል ጋራዥ ካጋጠመዎ መኪናዎን ይዘው ይውጡ! ያ መስመር ለሙሉ ግፊት ስላልተሠራ ሊፈነዳ ይችላል።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ በየትኛውም ቫልቭ ቢሆን መቆፈሪያውን አነስ አድርጎ መግዛት ይሻላል።