ለጎጃም መንገድ የትኛው ባለሦስት እግር ኪት ይሻላል?

ትልቅ የጉዞ ሞተር ሳይክልን ባለሦስት እግር የሚያደርጉት ኪቶች (የሚገጠሙ ዕቃዎች ስብስብ) በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው የኋላ ጎማዎቹ በአንድ ድፍን አክሰል (ሁለቱን ጎማዎች በሚያገናኝ ዘንግ) ይያያዛሉ። በሌላው እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ከፍ ዝቅ ይላል።

ድፍኑ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ዋጋውም ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ይበቃዋል።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ግን ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚያ ይጨማደዳል። አንዱ ጎማ ጉብታ ሲረግጥ ድፍኑ አክሰል ሌላውንም ያናውጠዋል። ከኋላ ሰው ከተፈናጠጠ ደግሞ ወገቡ አይችለውም።

አንድ ነገር አደራ! እነዚህ ኪቶች የተገጠሙለት ሞተር በአብዛኛው ወደ ጎን አይጋደምም፤ የሚታጠፈው በመሪ ነው። ጠመዝማዛው ላይ ሳትደርሱ ፍጥነት ቀንሱ።